አንድ ወፍራም ሌጂስሌሽን፣ ብዙ ቀጫጭን ፖሊሲ ወይስ የዓመት ካታሎግ? ዩኒቨርሲቲዎች የአካዳሚክ ደንባቸውን የሚያወጡባቸው መንገዶች ሲነጻጸሩ

የትምህርት ክፍል ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ አንዲት ተማሪ ሁለት ወረቀት ይዛ ቢሮዬ ገባች። ሁለቱም ከዩኒቨርሲቲያችን የሴኔት ሌጂስሌሽን፣ ማለትም ሴኔቱ ካጸደቀው መተዳደሪያ ደንብ፣ ኮፒ የተደረጉ ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ሪአድሚሽን (የተሰናበተ ተማሪ ተመልሶ ስለሚገባበት ሁኔታ) የሚደነግገው ገጽ ናቸው። በአንደኛው መሠረት በውጤት ምክንያት የተሰናበተ ተማሪ ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ማመልከት ይችላል። በሌላኛው መሠረት ዓመት መጠበቅ አለበት። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። የፊደሉ ቅርጽ አንድ፣ የገጹ ቁጥር አንድ፣ ግርጌው ላይ የሰፈረው የዩኒቨርሲቲው ስም አንድ። ቀን ግን አንዱም ላይ አልተጻፈም። «መምህር፣ የእኔ የቱ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሬጅስትራር ደወልኩ፤ እነሱ የሚሠሩበት ደግሞ ሦስተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በሰርኩላር (በውስጥ ማሳሰቢያ ደብዳቤ) የተሻሻለ፣ ሰርኩላሩም ከፋይል ወጥቶ የማያውቅ።

ልጅቷ ኋላ ላይ ተመልሳ ገባች፤ አንድ ሴሚስተር ግን በከንቱ አለፋት። ክፉ ያሰበባት ሰው አልነበረም። ደንቡን ያረቀቁት መምህራን ደክመውበታል፣ ሴኔቱም በደንቡ መሠረት አጽድቆታል፣ ሬጅስትራሩም የታዘዘውን ነው የሠራው። ያጎደልነው ደንቡን የምናወጣበትንና ለተማሪው የምናደርስበትን መንገድ አስበን መምረጥን ነው። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ያ ምርጫ ፊታቸው ለተደቀነ ሰዎች ነው፤ ለዲኖች፣ ለሬጅስትራር ባልደረቦች፣ ለሴኔት ቋሚ ኮሚቴ አባላት፣ «ሌጂስሌሽኑን ከልሱ» ተብለው ለተመደቡ መምህራን።

ምርጫው ዛሬ ከወትሮው የከበደ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአካዳሚክ ጉዳይ ዋናው አካል በፕሬዚዳንቱ የሚመራው ሴኔት ነው። ከዚያ ወዲህ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚያው መንገድ ገብቷል። ቀደም ሲል ከሚኒስቴር ይጠበቅ የነበረ ብዙ ውሳኔ ወደ ግቢ እየገባ ነው ማለት ነው። ውሳኔ በበዛ ቁጥር የሚጻፍበትም መንገድ ያንኑ ያህል ያሳስባል።

መጀመሪያ የሚመረጠው ቅርጹ ነው

በአገራችን የተለመደው አንድ ጥራዝ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. ያወጣውን የሴኔት ሌጂስሌሽን የገለጠ ሰው ያውቀዋል፤ ከመቶ ገጽ በላይ በሆነ አንድ ሰነድ ውስጥ የአስተዳደሩ አወቃቀር፣ የመምህራን ቅጥርና የማዕረግ ዕድገት፣ የተማሪ ቅበላ፣ ግሬድ፣ ምረቃና ዲሲፕሊን ተጠቃለው ይገኛሉ። በብዙዎቹ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ቅርጹ ይኸው ነው። ጥቅሙን ከዲሲ (ከትምህርት ክፍል ጉባኤ) ስብሰባ የወጣ ሁሉ ይመሰክራል። ክርክር ሲነሳ አንድ ሰው ጥራዙን ብድግ ያደርግና «አንቀጽ ይሄ እንዲህ ይላል» ይላል፤ ነገሩ ያበቃል። ትርጓሜዎቹ አንድ ቦታ ስለሚቀመጡ «መደበኛ ተማሪ» ማለት በገጽ 10ም በገጽ 90ም አንድ ነው። ሴኔቱም ሁሉን አንድ ላይ አይቶ ስለሚያጸድቅ አንቀጾቹ እርስ በርስ የመጋጨት ዕድላቸው ያነሰ ነው።

ችግሩ ጥራዙ በጸደቀ ማግስት ይጀምራል። አንድ አንቀጽ ብቻ መንካት ሲያስፈልግ መጽሐፉን በሙሉ መክፈት ያስፈራል፤ ኮሚቴ፣ ወርክሾፕ፣ አበል፣ ረጅም ስብሰባ ይጠይቃል። ስለዚህ «አጠቃላይ ክለሳው ሲመጣ እናስገባዋለን» ይባልና እስከዚያው በሰርኩላርና በቃለ ጉባኤ ይሠራል። አምስት ስድስት ዓመት ሲያልፍ እየተሠራበት ያለው ደንብ ግማሹ በጥራዙ፣ ግማሹ በፋይል ሳጥን ውስጥ ነው። እኔና ተማሪዋ የወደቅንበት ጉድጓድ ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፖሊሲን በየጉዳዩ ለይቶ ማውጣት ነው። አውስትራሊያ የሚገኘው የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ ከሚሠሩት አንዱ ነው። ምዘናን የሚመለከተው ፖሊሲ ለብቻው ቆሞ ኤምፒኤፍ1326 የሚል ቁጥር አለው፤ የሌሎቹም ጉዳዮች ፖሊሲ እንዲሁ በየራሱ ቁጥር ይታወቃል። ከእያንዳንዱ ጋር ማን እንዳጸደቀው፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሻሻለ አብሮ ተጽፏል። አሜሪካ ውስጥ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አንድ እርምጃ ቀድሞ ፖሊሲ 4.1 የሚባል ሰነድ አውጥቷል፤ የሚደነግገው ፖሊሲ እንዴት እንደሚረቀቅና እንደሚወጣ ነው። ይህን ሐሳብ እጅግ እወደዋለሁ። እኛ ዘንድ ደንብ አወጣጡ ራሱ በልማድ ስለሚሄድ፣ ልማዱን የሚያውቁት ሁለት ሦስት አንጋፋ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው ይሄዳል።

የተለያዩ ፖሊሲዎች ትልቁ ብልጫ ግሬድን ለማሻሻል የማዕረግ ዕድገትን መንካት አለማስፈለጉ ነው። የተበላሸው ቦታ ብቻ ይጠገናል። ግን ጠባቂ ይፈልጋል። ሥራዬ ብሎ ፖሊሲዎቹን የሚከታተል፣ የሚያስተያይ፣ የክለሳ ጊዜያቸው ሲደርስ ባለቤቱን የሚቀሰቅስ ቢሮ ከሌለ በሦስት ዓመት ውስጥ አርባ ሰነድ ይፈለፈልና የምዘናው ፖሊሲ ከምረቃው ፖሊሲ ጋር ይጋጫል። ለተማሪም ቀላል አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ይዞ አራት ሰነድ ማገላበጥ ሊኖርበት ይችላል። ይህን ለመሸከም የሚችል የሰው ኃይል የሌለው ዩኒቨርሲቲ «ዘመናዊ ነው» በሚል ብቻ ባይገባበት ይሻለዋል።

ሦስተኛው በተለይ አሜሪካ የተለመደው የዓመት ካታሎግ ነው። በየዓመቱ የትምህርት ፕሮግራሞቹ፣ የኮርሶቹ ዝርዝርና የምረቃ መስፈርቱ አንድ ላይ ይወጣል፤ ሽፋኑ ላይ የትምህርት ዘመኑ ይጻፋል። የዚህ ቅርጽ ነፍሱ ያለው ከወረቀቱ ጀርባ ባለው ቃል ኪዳን ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት «የካታሎግ መብት» የሚሉት አለ፤ ትምህርቱን ሳያቋርጥ የቀጠለ ተማሪ በጀመረበት ጊዜ በነበረው የምረቃ መስፈርት የመመረቅ መብት አለው፤ ሲመረቅ በሥራ ላይ ያለውን ልምረጥ ቢልም ይፈቀድለታል። ዩኒቨርሲቲው መስፈርቱን ከፍ ቢያደርግ እንኳ መንገድ ላይ ያለውን ልጅ አይመለከተውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኛን በቀጥታ ይነካናል። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ተመልሶ ሲመጣ በአንድ ግቢ ውስጥ በአሮጌው የሦስት ዓመት ሥርዓት የገቡና በአዲሱ የአራት ዓመት ሥርዓት የገቡ ተማሪዎች ጎን ለጎን ይማሩ ነበር። የቱ ኮርስ ለማን ግዴታ እንደሆነ ለመናገር ተማሪው መቼ እንደገባ ማወቅ የግድ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና በመላው የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ተጀመረ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ሆነ። ሕግ ተማሪዎች ከዚያ በፊትም ያውቁት ነበር፤ ለሌሎቹ ግን አዲስ ነገር ነበር። ሲገቡ ያልነበረ መስፈርት ሲወጡ ጠበቃቸው። ፈተናው ይጠቅማል አይጠቅምም ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ በበኩሌ መመዘኑን እደግፋለሁ። ነገር ግን የካታሎግ መብት ባለበት ሥርዓት እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠየቀው «ከየትኛው ዓመት ገቢ ጀምሮ?» የሚለው ነው። እኛም ጥያቄውን ብንለምደው ምንኛ በጀን።

የካታሎግ ጉድለቱ ድካሙ ነው። በየዓመቱ መዘጋጀት አለበት፤ ሬጅስትራሩም አራት አምስት ካታሎግ በአንድ ጊዜ ማስተዳደር ይኖርበታል። ደግሞም ካታሎግ የመምህራን ጉዳይን፣ የምርምር ሥነ ምግባርን፣ የአስተዳደር መዋቅርን የሚሸከም ዕቃ አይደለም። ብቻውን አይበቃም።

ቀጥሎ ማን ያረቅቃል፣ ማንስ ይሰማል?

የእኛ መንገድ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ጉዳዩ ከትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ይነሳል፣ ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ይሄዳል፣ የሴኔቱ ቋሚ ኮሚቴ ያየዋል፣ ከዚያ ሴኔት ይቀርባል። ተማሪዎችም በሴኔቱ ይወከላሉ። በተግባር ግን ስንቶቻችን ነን ጠዋት በር ላይ የታደለ ወፍራም ረቂቅ ከሰዓት በኋላ ሲጸድቅ ያየን? እኔ አይቻለሁ። ከሻይ ዕረፍት በፊት ሠላሳ ገጽ አለፈ። እጅ ያወጡት ሁለት ሰዎች ያነሱት የፊደል ግድፈት ነበር። ከጸደቁት አንቀጾች አንዱ በዓመቱ አንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ አስለቀሰ፤ ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው፣ ግሬድ የሚያስገባው የሬጅስትራር ሠራተኛ፣ ረቂቁን አይቶት አያውቅም ነበር።

ሌሎች ይህን በሁለት ዓይነት መንገድ ይቋቋሙታል። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከሁሉ በላይ የሆነው አካል ኮንግሪጌሽን የሚባለው ጉባኤ ነው፤ ከ5000 በላይ አባላት አሉት፤ አብዛኞቹ በዚያው የሚያስተምሩ፣ የሚመራመሩና የሚያስተዳድሩ ናቸው። መተዳደሪያ ደንቡ ሲለወጥ ሐሳቡ በዩኒቨርሲቲው ጋዜት ወጥቶ ለእነዚህ ሰዎች ይቀርባል፤ የተቃወመ ካለ ክርክር ይነሳል፣ ድምፅም ሊሰጥበት ይችላል። ይህ ክብር ያለው መንገድ ነው፤ ግን ቀስ ይላል፣ ለእኛም ባህል ወዲያው አይገጥምም። ሌላው መንገድ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚከተለው ነው፤ ረቂቅ ፖሊሲ ከመጽናቱ በፊት ለ30 ቀን በይፋ ይወጣና የግቢው ሰው ሁሉ አስተያየት እንዲሰጥበት ይጠየቃል። ድምፅ የለውም፤ ጆሮ ግን አለው።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት የሚኒሶታውን እመርጣለሁ። ለእኛ ባዕድ አይደለም። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ የሚያወጣ የመንግሥት ተቋም ረቂቁን አስቀድሞ ይፋ እንዲያደርግና ከ15 የሥራ ቀናት ያላነሰ የአስተያየት ጊዜ እንዲሰጥ ያዛል። ከወጣም በኋላ ተመዝግቦ በድረ ገጽ ካልተጫነ ተፈጻሚ አይሆንም። አገሩ ለመመሪያ ያወጣውን ሥርዓት ዩኒቨርሲቲው ለራሱ ደንብ ቢበደር የሚጎዳው የለም። ሦስት ሳምንት የሴኔት ቀጠሮ ቢገፋ ማንም አይሞትም። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ረቂቁ የግድ መድረስ ያለበት ሦስት ሰው ዘንድ ነው፦ ግሬድ የሚያስገባው ሠራተኛ፣ የተማሪዎች ኅብረት፣ ደንቡን በየቀኑ የሚያስፈጽመው የትምህርት ክፍል ጸሐፊ። ጸሐፊዋን አትናቁ፤ የትኛው አንቀጽ ሰልፍ እንደሚያስረዝም ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ከላይ ለሚመጣ ደንብም ቦታ መተው ያስፈልጋል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2005 ዓ.ም. ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተጣጣመ የአካዳሚክ ፖሊሲ አውጥቶ ነበር። ዓላማው ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው የሚዛወር ተማሪ ሌላ አገር የገባ እንዳይመስለው ነው፤ መልካም ዓላማ ነው። ከዚህ ዓይነት ሰነድ አንቀጽ ሲወሰድ ግን ምንጩ አብሮ ይጻፍ፤ አለዚያ ሚኒስቴሩ የእሱን ሲለውጥ የእናንተ ጥራዝ አሮጌውን ተሸክሞ ይቀራል።

ይፋ ማድረግ ማለት መጫን ብቻ አይደለም

ብዙ ጊዜ ለዚህ ክፍል የሚተርፈው ጉልበት የለም፤ ሴኔቱ አጸደቀ፣ ማኅተም ተመታ፣ ስካን ተደረገ፣ ተጫነ። አንድ ጊዜ የተማሪን ስልክ ተቀብዬ እንዲህ ያለ ፋይል ለማንበብ ሞክሬያለሁ። ገጹ ወደ ቀኝ ዘምሟል፤ ክቡ ማኅተም የቀን ቆጠራው የተጻፈበት ንዑስ አንቀጽ ላይ ዐርፏል፤ ፋይሉ ፎቶ ስለሆነ ቃል ጽፎ መፈለግ አይቻልም። ያን ሁሉ ሜጋ ባይት ለማውረድ ልጁ የዕለቱን ዳታ ጨርሷል። ያም ሆኖ ተጭኗልና «ይፋ ሆኗል» ይባላል።

ስካን የተደረገው ለመዝገብ ይቀመጥ፤ ማኅተሙና ፊርማው የሚያስፈልግበት ቀን አለ። ለሚያነበው ሰው ግን ጽሑፉ ራሱ፣ ቃል የሚፈለግበት፣ በስልክ የሚከፈት ሆኖ ይውጣ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ረቂቁ የተጻፈበት ፋይል ጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ላይ አለ።

ቴሌግራምስ? ተማሪው ያለው እዚያ ስለሆነ እዚያም መገኘት ግድ ነው። ግን ቴሌግራም የማስታወቂያ ሰሌዳ እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም። ፋይሉ ከቻናል ወደ ግሩፕ፣ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲተላለፍ ስሙ ይቀየራል፣ የተጫነበት ቀን ይጠፋል፣ የአምናው ከዘንድሮው ጋር ይደባለቃል። የተማሪዬ ሁለት ወረቀቶችም የመጡት ከሁለት ግሩፕ ነበር። ስለዚህ ቻናሉ ላይ ፋይሉን ከመልቀቅ ደንቡ የሚኖርበትን አንድ ቋሚ አድራሻ መልቀቅ ይሻላል። የግቢው ሰሌዳ ላይም እንዲሁ፤ የተለወጠው አንቀጽ ብቻ፣ ከአድራሻው ጋር፣ ጎላ ብሎ ይለጠፍ።

አሮጌው ቅጂ አይሰረዝ። ይህን ነገር ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። አብዛኞቹ ግቢዎች አዲስ ሲወጣ አሮጌውን ከድረ ገጹ ያነሱታል፤ ንጹሕ እንዲሆን ነው። ከሰባት ዓመት በፊት የተማረ ሰው ዛሬ ትራንስክሪፕቱ ላይ ጥያቄ ሲነሳበት የሚዳኘው ግን ያኔ በነበረው ደንብ ነው። የኦክስፎርድ ጋዜት ከ1870 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይወጣል፤ አንድ ደንብ መቼ እንደተለወጠ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዱካውን የሚከተልበት መዝገብ አለው። እኛም ነጋሪት ጋዜጣን የመሰለ ልማድ ያለን አገር ነን፤ በአዋጅ ቁጥር፣ በዓመተ ምሕረትና በቀን መጥራትን ሕዝቡ ያውቀዋል። «1152/2011» ስንል ማንም አይደናገርም። የሴኔት ደንብ ስንል ግን «የቱ?» እንባላለን።

ስለ ቋንቋ

ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የአማርኛው የበላይ ነው። የሴኔት ሌጂስሌሽኖቻችን ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፉ ናቸው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፣ የውጭ አገር መምህራንም አሉ። ሆኖም ደንቡን የሚያስፈጽሙት የጥበቃ ሠራተኛ፣ የዶርም ኃላፊና የዲሲፕሊን ቃል ተቀባይ የሕግ እንግሊዝኛ እንዲያነቡ መጠበቅ ልክ አይደለም። ልጁ ተባረረ ተብሎ ከገጠር የመጣ አባት ፊት ቀርበው ሲያስረዱም የሚይዙት ወረቀት የለም።

ሙሉ ትርጉም ከባድ ነው፤ በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ ሁለት ትርጉም የመፍጠር አደጋም አለው። የእኔ ምርጫ መካከለኛው ነው። ጥራዙ በእንግሊዝኛ ይቆይ፤ ተማሪን የሚያስቀጡ፣ የሚያሰናብቱ፣ ይግባኝ የሚያስጠይቁ አንቀጾች ግን በአማርኛ፣ ዩኒቨርሲቲው በሚገኝበት ክልልም የሥራ ቋንቋ ይተርጎሙ። ሁለቱ ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸና መጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።

እንግዲህ ማን የቱን ይምረጥ?

አዲስና ትንሽ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም ሁለት ሦስት ፕሮግራም ያለው የግል ኮሌጅ አንዱን ጥራዝ ይያዝ። ፖሊሲ በየጉዳዩ የሚከታተል ቢሮ ለማቋቋም አቅም የለውም፤ ያለ ጠባቂ የተበተነ ፖሊሲ ደግሞ ከአሮጌ ጥራዝ የባሰ ነው። ግን ጥራዙን በየምዕራፉ የሚነጠል አድርጎ ይጻፈው። ሴኔቱ ምዕራፍ አምስትን ብቻ ሲያሻሽል ምዕራፉ በአዲስ ቀን ይተካ፤ ሌላው እንዳለ ይቀጥል። በሰርኩላር የሚሻሻል ነገር ካለም ሰርኩላሩ በሚቀጥለው ሴኔት ወደ ምዕራፉ ካልገባ በራሱ ጊዜ ቀሪ ይሁን።

ብዙ ካምፓስ፣ ብዙ ሺህ ተማሪና የድኅረ ምረቃ ፕሮግራም ያለው አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይ ራስ ገዝ የሆነ ወይም ለመሆን የሚዘጋጅ፣ ወደ ተለያዩ ፖሊሲዎች ቢሻገር ይጠቀማል። መጀመሪያ የሚጽፈው ግን ደንብ እንዴት እንደሚወጣ የሚደነግገውን ይሁን፤ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሰው ያለው ቢሮ ይክፈት፤ ከዚያ ብቻ ጥራዙን ይበትን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አይሠራም።

ካታሎጉን በሚመለከት ማንም ይሁን ማን የምረቃ መስፈርቱን በዓመት ለይቶ ያውጣ። ሃያ ገጽ ቢሆን ይበቃል። «በ2018 ዓ.ም. የገባ ተማሪ የሚመረቀው በዚህ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያው ላይ ይስፈር። ጥራዝ ላለውም ፖሊሲ ላለውም ይሠራል፤ ከሦስቱ መንገዶች ለተማሪ ቶሎ የሚደርስለት ይህ ነው።

ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ነገር ለሚፈልግ ደግሞ፣ ያለውን ሌጂስሌሽን ይክፈትና በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ፣ ከዩኒቨርሲቲው ስም አጠገብ፣ የጸደቀበትን የሴኔት ስብሰባ ቀንና የቅጂውን ቁጥር ያስገባ። መጀመሪያው ገጽ ላይ አይበቃም፤ ተማሪ ኮፒ የሚያደርገው የሚመለከተውን ገጽ ብቻ ነው።